በእመት ዘይነባ ቤት ተከራይ የለም

ክፍል አከራይተው የሰው ሕይወት የሚረከቡ ሴትዮ የሌሉበት ከተማ የለም። የወልዲያዋ ክብርት እመት ዘይነባ ይባሉ ነበር።

ወይንሸት በላይ አስተማሪ ሆና ወልዲያ ስትመደብ ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ማከራየት ክልክል ነው፤ ሲያከራይ የተገኘ ሰው ቤቱን ቀበሌ ይወስድበታል። እመት ዘይነባ ግን ከጓሮ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው።

«ሁሉም እዚሁ እግር ስር ነው» አሏት፣ ቁልፉን ከመቀነታቸው እየፈቱ። «ገበያው አንድ ፋቲሃ ከቁርኣን ቀርተሽ ሳትጨርሺ ትደርሺያለሽ። ትምህርት ቤቱ ሦስት ፋቲሃ አይሞላም። ቤተ ክርስቲያኑን ባንቺው ጸሎት ለኪው።»

«ኪራዩስ ስንት ነው፣ እትዬ?»

«ዝም በይ! ኪራይ የሚባል በዚህ ቤት የለም። የእህቴ የአሚና ልጅ ነሽ። ወር ሲገባ ግን የሆነ ነገር ሌማቱ ስር ትረሺያለሽ።»

«ክርስቲያን እኮ ነኝ፤ ማተቤን አያዩትም?»

«ታዲያስ? አባትሽ በላይ አይደል? አሚና በላይን አግብታ ውርጌሳ ወረደች። ወሎ ውስጥ ይሄ ማንን ይገርማል? ደግሞ አንቱ አትበይኝ። አክስቷን አንቱ የምትል የት አይተሻል?»

አሚና የምትባል እህት በምድር ላይ አልነበረችም። ችግሩ ከሁሉ ቀድመው ያመኗት ራሳቸው እመት ዘይነባ መሆናቸው ነው። ወይንሸት ካመሸች «ለአሚና ምን ልበላት?» ቀሚሷ ካጠረ «አሚና አላሳደገችሽም?» አንድ የሲሪንቃ እርሻ ባለሙያ በር ድረስ ቢሸኛት፣ ቁጭ አድርገው ዘሩን እስከ ሰባት ቤት አስቆጠሩት። ስድስተኛው ላይ መኪና ያመልጠኛል ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። አንድ ሰሞን ደግሞ አሚናን ራሷን አኩርፈዋት ወር ሙሉ ስሟን አልጠሩም።

አንድ ቅዳሜ፣ ከሌላ አገር አዲስ የተመደበው ካድሬ ተስፋዬ የቀበሌውን መዝገብ ይዞ ተከራይ ሊያጣራ ገባ።

«አንቺ የሴትዮዋ ምን ነሽ?»

«የእህቷ ልጅ።»

«እናትሽ የት ናት?»

ይሄን ወይንሸት አልተማረችም። «ሞታለች» አለች።

እመት ዘይነባ ይህን ሳይሰሙ ከማጀት ብቅ አሉ። «አሚናን ነው? ደህና ናት! ትናንት እንኳ ከውርጌሳ ሰላም ልካለች።»

የተስፋዬ ብዕር ቆመ። ቤቱም ክፍሉም በዚያ ብዕር ጫፍ ላይ ተንጠለጠሉ። «ልጅቷ ሞታለች ነው የምትለው» አለ።

እመት ዘይነባ አንዴ ወይንሸትን፣ አንዴ መዝገቡን አዩ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ።

«አሚናዬ! ሞተሽ ደበቁኝ? ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ ተይዞ የሚረዳውን መርዶ፣ በጠራራ ፀሐይ በቀበሌ ሰው አፍ?»

ጎረቤታቸው ማሚቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ደረሰች። አሚና የምትባል እንደሌለች ጠንቅቃ ታውቃለች። «ወይኔ አሚና! ያቺ ደግ!» ብላ ደረቷን ደቃች። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። «አንተ ነህ ያረዳሃት? እናት የለህም?» እያለ ተስፋዬን አፋጠጠው። ምስኪኑ መዝገቡን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ፤ ሲነሳም «የእህት ልጅ፤ እናት የሌላት» ብሎ ጻፈ። ወይንሸት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አይቶ፣ «አይ የእናት ነገር!» አለ። እየሳቀች መሆኑን የነቃች ማሚቴ ብቻ ናት።

ከዓመታት በኋላ ወይንሸት ወደ መርሳ ከተማ ተዛውራ ሳለ፣ ጎህ ሳይቀድ በሯ ተንኳኳ። ማሚቴ ናት፤ አንድ ከመስጊድ፣ አንድ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይዛ። እመት ዘይነባ ከተቀበሩ ሳምንት ሆኗቸዋል። እንደ ወጉ ደብቀውላት፣ እንደ ወጉ መጡ።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «አክስትሽ…»

ማሚቴ ጨረሰችላቸው። «አሚና ጋ ሄደች።»

ወይንሸት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ትከሻዋ ተርገፈገፈ፤ እንባዋ በነጠላው ጥለት ላይ ወረደ።

«አይ የአክስት ነገር!» አሉ ሽማግሌው።