የተዋስናት ፀሐይ

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በእኛ ክልል የጭስ ልቀት የሚቀንሰው ስለ ጭስ ቅነሳ ስብሰባ ያልተጠራ ሳምንት ብቻ ነው። አትቆጡ! ከሜዳ ተነስቼ አይደለም የምናገረው። ሰመራ ከሚገኝ አንድ ቢሮ፣ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ተብዬ ከተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ከደጋ መጥቼ ዓመታት ሙሉ እዚህ ሐሩር ውስጥ ቀልጫለሁ። ይህን የሚጽፍላችሁ ሳይቀልጥ የተረፈው ነው።

ባለፈው ሰሞን ኃላፊያችን ጠዋት ሰበሰቡንና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክልላችን የንጹሕ ኃይልና የልቀት ቅነሳ ዕቅድ ሊያወጣ ነው። ምክክሩ የሚካሄደው አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው።»

«እዚሁ ሰመራ ቢሆንስ?» ብሎ የጠየቀ ደፋር ተገኘ። እኔ አይደለሁም፤ እኔ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።

«ሰመራ ይሞቃላ!» አሉ ኃላፊያችን።

ልብ በሉ እንግዲህ... ምድር ሞቀች ብለን ልንመክር፣ ስለሞቀን ሸሸን!

ከሰመራ አዋሽ ሰባት ኪሎ መንገዱ ቀላል አይደለም። አንድ አውቶቡስ ሁላችንንም ጭኖ ወንበር ይተርፈው ነበር። ግን አንድ ኃላፊ ከሌላ ኃላፊ ጋር አንድ መኪና ውስጥ ከገባ፣ ማን ነው ከፊት የሚቀመጠው? ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ ዕቅድና ምክክር ይጠይቃል። ስለዚህ ሁሉም በየራሱ ቪ ኤይት፣ ባዶ ወንበሩን ከኋላው ጭኖ ተፈተለከ። ከጅቡቲ የሚመጡት ተሳቢዎች ሳይቀሩ ሠርግ መስሏቸው ጥሩምባ ነፉልን። እኔ በመጨረሻዋ ፒካፕ ላይ ነበርኩ፤ ከባነሩ ጋር። ባነሩ «ንጹሕ አየር ለሁሉም» ይላል። የፊተኞቹን ጭስ በሙሉ የጠጣነው እኔና እሱ ነን።

ገዋኔን አለፍ እንዳልን ሰልፉ በድንገት ቆመ። ከመንገዱ ገባ ብሎ አንዲት ትንሽ ጤና ኬላ አለች፤ ጣሪያዋ ላይ ሶላር ተዘርግቷል። ኃላፊያችን መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ሲያዩት ቆዩና ፈገግ አሉ። እኚህ ሰው ፈገግ ካሉ አንድ ሰው አንድ ነገር ያጣል።

የጤና ኬላዋ ባለሙያ ሲስተር ፋጡማ ትባላለች። እንግዳ መጣ ብላ ሻሿን እያስተካከለች ወጣች።

«ሲስተር፣ ይቺን ሶላር ከነባትሪዋ ለአንድ ቀን አውሺን» አሏት። «ለኤግዚቢሽን ነው። ከላይ የሚመጡ እንግዶች ፎቶ ይነሱባታል።»

«ፍሪጁስ?» አለች ፋጡማ ደንግጣ። «የሕፃናት ክትባት እየመጣልኝ ነው። ፍሪጁ ካልቀዘቀዘ አያስረክቡኝም።»

«ለአንድ ቀን ነው እኮ የምልሽ!»

«ሰዉም ከብቱን ይዞ እዚህ ውሃ ዳር የሰፈረው ለጥቂት ቀን ነው። ወዲያ ማዶ ዝናብ ከጣለ ይነሳል። ሳልከትባቸው ከሄዱ ልጆቹን የት ብዬ ላግኛቸው?»

አንጀቴን በላችው። ጠጋ ብዬ በኃላፊያችን ጆሮ «ክቡር ኃላፊ፣ መጋዘናችን ውስጥ ታሽጎ የተቀመጠ አዲስ ሶላር አለ አይደል? እሱን ብናስመጣስ?» አልኩ።

እንደ እብድ አዩኝ። «ያ እኮ ገና አልተመረቀም! ሳይመረቅ እንዴት ይወጣል?»

ገባችሁ? በእኛ ቢሮ ሕግ ሪባን ያልተቆረጠለት ፀሐይ አይሞቅም። አዲሱ ሶላር የሚመርቀው ትልቅ ሰው እስኪገኝ ድረስ በጨለማ መጋዘን ይተኛል፤ የሚሠራው ደግሞ ሥራውን ትቶ ለፎቶ ይሄዳል። ሾፌሮቹ ጣሪያው ላይ ወጡና ሶላሯን ፈተው ፒካፗ ላይ ጫኑልኝ። ባትሪዋን እኔ ታቀፍኳት። ፋጡማ መንገድ ዳር ቆማ «ካልመለሳችሁልኝ ራሴ እመጣለሁ፤ ወላሂ እመጣለሁ!» አለች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ያረፍንበት ሆቴል ግቢው ሰፊ ነው። ሶላሯን መሃል ላይ አቁመን ቀይ ሪባን አሰርንላት። ከምንም ጋር አልተገናኘችም፤ ዝም ብላ ፀሐይ ትሞቃለች። እኔም አብሬያት እንድሞቅ ታዘዝኩ። «ልጆች እንዳይነኳት እዚሁ ሁን» ተባልኩ። ተሰብሳቢው ኤሲ ያለበት አዳራሽ ገብቶ በሩን ዘጋ። ቪ ኤይቶቹ ደግሞ በር ላይ ተደርድረው፣ ሞተራቸው እንደተነሳ ቀኑን ሙሉ ያጓራሉ። ለምን ብትሉ... ኃላፊዎቹ ሲወጡ ወንበሩ እንዳያቃጥላቸው!

ኃላፊያችን «ናፍጣን ከሕይወታችን እናስወጣለን!» ብለው ንግግራቸውን ሲጀምሩ መብራት ድርግም አለ። ወዲያው የሆቴሉ ጄኔሬተር ተነሳ። ጉድ እኮ ነው! ያ ጄኔሬተር ሲነሳ አዋሽ ድልድይ ድረስ የሚሰማ ይመስለኛል። ጭሱ በመስኮት ገብቶ ተሰብሳቢውን ያስላል፤ ኃላፊያችን ደግሞ ከጄኔሬተሩ በላይ ለመሰማት የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር ይጮሃሉ፦ «ናፍጣን! እናስወጣለን!»

እኔም ሞኙ፣ በበሩ ብቅ አልኩና «ሶላሯን ብንሰካት እኮ ማይክራፎኑን ትችለዋለች» አልኩ።

«አትንካት! ኤግዚቢሽን ናት!»

ወደ ፀሐዬ ተመለስኩ።

አንድ ቀን ተባለ። ቀኑ አለፈ። ከላይ የሚጠበቁት እንግዶች አልመጡም፤ ፎቶ ሳይነሱ ደግሞ ሶላሯ አትመለስም። በማግስቱም አልመጡም። እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆዳዬ እስኪላጥ ተቀምጫለሁ። በስብሰባው መዝጊያ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ተሳቢ በር ላይ ቆመና ሲስተር ፋጡማ ዱብ አለች። አቧራ መስላለች። ሶላሯን ከነሪባኗ ስታያት እንባዋ መጣ።

«ክትባቱ ገዋኔ ደርሷል» አለችኝ። «ፍሪጁ እስከ ነገ ካልቀዘቀዘ ለሌላ ቦታ ይሰጡታል። ማዶ ደመና ይዟል። ሰዉ ግመሉን መጫን ጀምሯል።»

ጥላ ሥር አስቀምጬ ውሃ ሰጠኋት።

በዚህ መሃል ሐጂ ዓሊ ገቡ። የአካባቢው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ስብሰባችን ሁሉ በሽማግሌ ምርቃት ነው የሚዘጋው፤ ለዚያ ነው የተጠሩት። ሰዓቱ ገና ስለነበር እኛ ዘንድ ጥላ ፈልገው ተቀመጡና ከሰላምታ በኋላ «ዳጉ?» አሉ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ሳይቀመጥና ወሬ ሳይቀያየር አያልፍም። ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ምን አደረገ... ያየኸውን እንዳየኸው፣ የሰማኸውን እንደሰማኸው ትናገራለህ። መጨመር ነውር ነው፤ መቀነስም ነውር ነው። ይህ ነው ዳጉ። ፋጡማ ነገረቻቸው፤ ከጣሪያው እስከ ተሳቢው። ከዚያ ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ልጄ? ምን አየህ?»

ወገኖቼ፣ እኔ እኮ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ! እንጀራዬ መጨመርና መቀነስ ነው። እኚህ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ከለከሉኝ። የፋጡማን ፊት አየሁ። የልጆቼም ትዝ አለኝ። ከዚያ... ይሁን ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መጋዘኑን፣ ምርቃት የሚጠብቀውን ሶላር፣ ጄኔሬተሩን፣ ቪ ኤይቶቹን፣ «ኤግዚቢሽን ናት»ን። ሐጂ እስከ መጨረሻው ሰምተው ተነሱ።

አዳራሹ ውስጥ የምሳ ሽታ ገብቷል። የፍየሉ ጥብስ ጓሮ ላይ ይንጫጫል። መድረክ መሪው «አሁን በሐጂ ምርቃት ስብሰባችንን እንዘጋለን» አለ። እኔና ፋጡማ በሩ ላይ ቆመናል። ሐጂ ማይክራፎኑን ተቀበሉ።

«ምርቃት ከዳጉ በኋላ ነው» አሉ።

ጀመሩ። እኔ የነገርኳቸውን፣ ፋጡማ የነገረቻቸውን፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ከጄኔሬተሩ ጩኸት በላይ አንድ በአንድ አወጡት። ኃላፊያችን በወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ፤ ግን ዳጉ አይቋረጥም። የአገሩ ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ ያዳምጣል።

«እንግዲህ ምን ብዬ ልመርቃችሁ?» አሉ ሐጂ በመጨረሻ። «አላህ ጭሱን ይቀንስላችሁ ልበል? መኪናችሁ በር ላይ እያጨሰ ነው። ሕፃናቱን ይጠብቅላችሁ ልበል? መጠበቂያቸውን እናንተ ሪባን አስራችሁበታል። የልጅቷን ዕቃ መልሱላትና እመርቃለሁ።» ይህን ብለው ቁጭ አሉ።

አሁን እስቲ አስቡት! ያለ ምርቃት መዝጊያ የለም። ያለ መዝጊያ ደግሞ ምሳ የለም። የተሰብሳቢው ዓይን ሁሉ ከጥብሱ ተነስቶ ኃላፊያችን ላይ አረፈ። ኅሊና ያልሠራውን የፍየል ሽታ ሠራው!

«ስጧት! ስጧት እባካችሁ! በእኛ ፒካፕ ይሂድላት!» አሉ ኃላፊያችን።

ፋጡማ ሪባኑን ራሷ በጥርሷ በጠሰችው። ምርቃትም ሆነ ምሳ አልጠበቅንም፤ እኔና ሾፌሩ ሶላሯን ጭነን ከእሷ ጋር ነጎድን። ጣሪያው ላይ ወጥተን አሰርናት፤ ፍሪጁ ሲያንጎራጉር ፋጡማ ጆሮዋን ለጥፋበት ሳቀች። እኔም እንደ ሕፃን ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ።

ገና ከጣሪያው ሳልወርድ ስልኬ ጮኸ። ኃላፊያችን ናቸው።

«ዜና ጻፍ። ቢሮአችን ለጤና ኬላዋ የሶላር ድጋፍ አደረገ በል።»

«የራሷን እኮ ነው የመለስንላት...»

«መመለስም ድጋፍ ነው!»

ዓይናቸውን በጨው አጥበዋል! ዜናውን እንደታዘዝኩት ጻፍኩት። ስማቸውንም ከፊት አስቀመጥኩ። ሰመራ ደርሰን አይተው ሊያጸድቁት ነበር።

ከአዋሽ ሲመለሱ ጤና ኬላዋ በር ላይ ደረሱብኝና ከኋላ ባዶው ወንበራቸው ላይ ጫኑኝ። ሰመራ ስንገባ የቢሮው ጥበቃ በሩን ከፈተና ጎንበስ ብሎ በመስኮት ሰላምታ ሰጠ። «ክቡር ኃላፊ፣ እንኳን ደህና ገባችሁ! ልጅቷ ሶላሯን ማግኘቷ ደስ ይላል። ምሳው ግን ዘገየባችሁ አሉ!»

«ማን... ማን ነገረህ?»

«ዳጉ ነዋ! ሰመራ ያልሰማ የለም።»

ዜናዬ ኪሴ ውስጥ ቀረ። ኃላፊያችን ቢሮ ገብተው ኤሲያቸውን ከፍተው ብዙ ካሰቡ በኋላ አስጠሩኝ። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ገባሁ።

«ይኼ ዳጉ የምትሉት ነገር» አሉ፣ «ነዳጅ አይፈልግም?»

«እግርና አፍ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ክቡር ኃላፊ።»

«ጭስስ?»

«ቅንጣት ታህል ጭስ የለውም!»

ብድግ አሉ። «ዕቅዱ ውስጥ ይግባ! ዎርክሾፕ አዘጋጅ። አዋሽ ሰባት ኪሎ። መኪኖቹ ነዳጅ ይሞሉ። ያቺን ሶላርም በመንገዳችን እንይዛታለን።»

የጥሪው ደብዳቤ ገና አልተፈረመም። ዛሬ ጠዋት ግን የበር ጥበቃው ጠራኝና ዳጉውን አካፈለኝ፦ ሲስተር ፋጡማ ሕፃናቱን ሁሉ ከትባ ጨርሳለች፤ ሰዉም ዝናቡን ተከትሎ ሄዷል። ሶላሯን ደግሞ ትናንት ከጣሪያው ጋር በሰንሰለት አስራ ቆልፋባታለች።