ኦቦ ቱሉ በራሳቸው ለቅሶ ላይ

ፎቶ ተነስቶ ሳይወስደው የሚቀር ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ድሮ መነሳቱ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነበር፤ ኮት ይለመናል፣ ፀጉር ይበጠራል፣ ትንፋሽ ይዋጣል። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ፎቶው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ባለቤቱ ደግሞ ያረጃል።

ሰበታ ውስጥ አንድ የቆየ ፎቶ ቤት ሲፈርስ፣ ጠያቂ ያጡ ፎቶዎች በማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ተገኙ። ማርታ የምትባል ሠዓሊ ወሰደቻቸውና ሰው በሚያህል ወረቀት አሳትማ፣ ዙሪያቸውን በደረቅ አበባ አስጊጣ፣ አዳራሽ ውስጥ ሰቀለቻቸው። በሩ ላይ «ላጣነው ወጣትነት መታሰቢያ» ብላ ጻፈች። እሷ ዕድሜውን ማለቷ ነው። የእኛ ሰፈር ሰው ግን «መታሰቢያ» የሚለውን ካየ ሌላውን አያነብም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ።

ጎረቤቴ ኦቦ ቱሉ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ አናታቸው ከሩቅ የሚያበራ ሰው ናቸው። እዚያ መሰቀላቸውን ሲሰሙ «ሳልሞት ማን ቀበረኝ?» እያሉ እኔን አስከትለው ሄዱ። እውነትም ነበሩ። ጎፈሬያቸው ከወረቀቱ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው፤ ጆሯቸው ላይ የፎቶ ቤቱን ስልክ፣ ያንን ገመዱ የትም ያልተሰካውን፣ ደግነዋል።

ፎቶው ፊት አንዲት ሴት ታለቅሳለች።

«እኔ ነኝ እኮ!» አሏት።

ሴትዮዋ ፎቶውን አየች፤ አናታቸውን አየች። «አባቱ ነዎት? እግዚአብሔር ያጽናዎት!»

«ምን አባቱ! ራሴ ነኝ!»

«ወይኔ፣ ኀዘኑ አናታቸው ላይ ወጥቷል። ወንበር አምጡላቸው!»

ወንበር መጣ፣ ውሃ መጣ፤ ሰው ተሰልፎ እጃቸውን ይጨብጥ ጀመር። መጀመሪያ ተከራከሩ፤ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ ተደላደሉ፤ በመጨረሻ «አሜን፣ አሜን» ማለት አመጡ። ዞር ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ምነው ኦቦ?»

«ቆንጆ ልጅ ነበርኩ እኮ» አሉኝ። «ያኔ ማንም አልነገረኝም።»

ማርታ ነገሩን ሰምታ ደንግጣ መጣች። ይቅርታ ጠይቃ ፎቶውን ላውርደው ስትል ከለከሏት። «ተዪው ልጄ፤ ሰው እየመጣለት ነው።»

ወሬው የደረሳቸው ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ግን መጡ። ፎቶውን እያዩ ብዙ ቆዩ።

«ለእኔ ልትሰጠኝ የተነሳኸው ይሄን ነው?»

«አዎ። ፎቶው ሳይደርስ ‹እሺ› አልሽኝ፤ በዚያው ረሳሁት።»

አዴ ጫልቱ ማርታን አስፈቀዱና በገዛ እጃቸው አወረዱት። ባጃጅ አስቁመው ከጎናቸው በጥንቃቄ አስቀመጡት። ኦቦ ቱሉም ሊገቡ አንድ እግራቸውን ሲያነሱ፣ ሚስታቸው ደረታቸውን ገፋ አደረጓቸው።

«አንተ በእግርህ ና። እሱ ይጨማደድብኛል።»