ዘመድ ነን ያሉ አሻንጉሊቶች

ትርንጎ ይህን ሕልም ያየችው በጠራራ ፀሐይ ነው። ደሴ፣ ሸዋ በር ባለችው ሱቋ የላስቲክ ጫማ፣ ሙሻማና አሻንጉሊት ትሸጣለች። ያን ዕለት ምሳዋን በልታ፣ የዘጠኝ ወር ልጇን ኪሩቤልን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ ባንኮኒው ላይ ክንዷን እንደተንተራሰች እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት።

ሱቁ ተገልብጦ አየችው። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሰዎች ናቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር ከነከረባታቸው በላስቲክ ታሽገው ተሰቅለዋል። ገዢዎቹ አሻንጉሊቶች ናቸው። አንዷ ባለ ቢጫ ፀጉር የሊቀመንበሩን ሆድ ጨመቅ አደረገችው።

«ይሄ ይጮኻል?» ስትል ጠየቀች።

«ስብሰባ ላይ ብቻ» አለ ሻጩ፤ እሱም አንድ እግሩ የጎደለ አሻንጉሊት ነው።

ባለ ቢጫ ፀጉሯ ቀጥላ ኪሩቤልን ከመሬት አነሳችው። አሸተተችው፣ ጉንጩን ላሰችው፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይሄ እኮ የኛ ልጅ ነው» አለች።

ወዲያው ሁሉም ጤና ጣቢያ ተገኙ። እዚያ በሽተኞቹ ነጭ ጋውን ለብሰው ሐኪሞቹን ያክማሉ። አንድ የላስቲክ ዳክዬ የኪሩቤልን ሽንት በብልቃጥ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው።

«ማለስለሻችን ተገኝቶበታል» አለ ዳክዬው። «እኛ ላስቲኮች እንዲህ እንድንለሰልስ የሚጨምሩብን ኬሚካል ነው። በሕግ ዘመዳችን ነው።»

«የወለድኩት እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ።

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ጥርስ ሲያበቅል ምን ሰጠሽው?»

ድዱ ሲያሳክከው የምትሰጠው የአሻንጉሊት እግር ነበር።

«ለስላሳውን አሻንጉሊት» አለች ቀስ ብላ።

«ውስጡ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም ልትል ነበር፤ ደንበኛ በጠየቃት ቁጥር የምትለው ይህንኑ ነው። ምላሷ ግን አልታዘዝ አላት።

«አላውቅም። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ አይገባኝም።»

«እኛም አናውቅም» አለ ዳክዬው አዝኖ። «ብቻ ከኛ ውስጥ አንድም ወልዶ የሳመ የለም። ይሄኛውም ሲያድግ እንጃለት።»

አሻንጉሊቶቹ ኪሩቤልን በአንድ እጁ ይዘው ወጡ። ትርንጎ ሌላኛውን እጁን ያዘች። እጁ እንደ ላስቲክ እየተሳበ፣ እየተሳበ ከጤና ጣቢያው በር እስከ መናኸሪያው ደረሰ። እሷ ግን አልለቀቀችም።

ስትነቃ ኪሩቤል እግሯ ሥር የአሻንጉሊት ጭንቅላት እያኘከ ነበር። ነጠቀችውና አፉን በጣቷ ጠራረገችው። ነከሳት። ይንከሰኝ ብላ ተወችው። ከዚያ እሱን አዝላ፣ ለስላሳዎቹን አሻንጉሊቶች ከመደርደሪያው እያወረደች ወደ ደጅ መወርወር ጀመረች።

ሰው ተሰበሰበ። ሕፃን የታቀፈች ሴት ከክምሩ አንዱን አነሳች።

«አይሸጥም» አለቻት ትርንጎ። «ለማለስለሻ የሚጨምሩበት ኬሚካል አለ። ልጅ አፍ ውስጥ ሲገባ ጥሩ አይደለም።»

ሴትዮዋ አሻንጉሊቱን አገላብጣ አየችው።

«ጥሩ ካልሆነማ ቀንሺልኛ» አለች። ከኋላዋ ሰልፍ ተይዟል።