ዶና ቺቺና ዝም ያሉ ዕለት

የወደብ ከተማ ሆኖ፣ «እናቴ ከሞተች ወዲህ በወጉ የተሠራ ምግብ አልቀመስኩም» የሚሉ አንዲት እመቤት የሌሉበት የለም። ፓሌርሞ ደግሞ ትልቅ ከተማ ናትና እንዲህ ያሉትን በየሰፈሩ አላት። የባላሮ ገበያዋ ግን ክብርት ዶና ቺቺና ናቸው። እሳቸውን ያየ ሌሎቹን ጀማሪ ይላቸዋል።

ቁመታቸው ከቲማቲም መደርደሪያ እምብዛም አይበልጥም። ሆኖም ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው በመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲሉ ዓሣ ሻጩ የትናንቱን ዓሣ የሚያደርግበት ይጠፋዋል። አንድ ጊዜ በቀብር ላይ ቄሱ «ሟቹ የሚስቱን የሰርዲን ፓስታ እጅግ ይወድ ነበር» ቢሉ፣ ከኋላ ሆነው «እውነቱ ይነገር! ዘቢብ አታገባበትም ነበር፤ ወዶ ሳይሆን ፈርቷት ነው የበላው!» ያሉ ሴት ናቸው። «እውነቱ ይነገር!» ካሉ አለቀ። ውሸት የተባለ ነገር፣ የጨው ቅንጣት እንኳ ብታክል፣ አጠገባቸው አያድርም።

ማሪስቴላ ደግሞ እንግዶችን በገበያው እያዞረች ምግብ የምታቀምስ ወጣት አስጎብኚ ናት። ዓይናፋር ስለሆነች ለብዙ ሰው ስትናገር ጆሮዋ ይቀላል። ሥራ በጀመረችበት ዕለት ስለ ሽምብራ ጥብሱ እያስረዳች ሳለ ያ ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ከዚያ ወዲህ ዶና ቺቺና ካልተጠሩበት ጉብኝት ቀርተው አያውቁም። «በትኩስ ዘይት ይጠበሳል» ካለች፣ «በጣም በትኩስ!» ይላሉ። «አረቦች አመጡት» ካለች፣ «እነሱ አመጡት፣ እኛ አጣፈጥነው!» ይላሉ። ማሪስቴላ ትፈራቸዋለች። ደግሞም ይህ ሁሉ ጣዕም በአንድ ምላስ ላይ እንዴት ተቀመጠ እያለች አፏን ከፍታ ታያቸዋለች።

ታዲያ የአስጎብኚ ድርጅቱ ባለቤት ሲኞር ባልዳሳሬ «ቅዳሜ አብሬሽ እዞራለሁ። ትቆዪ እንደሆነ ትሄጂ እንደሆነ ያን ጊዜ እነግርሻለሁ» አላት። ማሪስቴላ ዓርብ ዕለት የዶና ቺቺና በር ላይ ቆመች።

«ዶና ቺቺና፣ ነገን ብቻ ዝም ይበሉልኝ።»

«ብትሳሳቺስ?»

«ብሳሳትም።»

«ጨው ብታበዢስ?»

«ምግቡን እኮ እኔ አልሠራውም።»

«እሱስ ቅድስት ሮዛሊያ ጠብቃናለች!» ብለው በሩን ዘጉት። ወዲያው መልሰው ከፈቱት። «እሺ፣ ድንጋይ እሆንልሻለሁ። ግን እመጣለሁ።»

መጡም። የተናገሩትም ቃል አልነበረም። ግን ቅንድባቸው ነበር። ማሪስቴላ አንድ ነገር ባለች ቁጥር አንደኛው ቅንድብ ይነሣል፤ እንግዶቹም እሷን ትተው ቅንድቡን መከታተል ያዙ። ጣፊያ ቀቅሎ በዳቦ የሚሸጠው ጀርላንዶ ገና ከሩቅ ጮኸ፦

«ዶና ቺቺና! ዛሬስ ስብ በዛበት አይሉኝም?»

ዝም።

«አመመዎት እንዴ?»

ዝም።

«ኧረ በማርያም አንድ ነገር ይበሉኝ! ሌባ ይበሉኝ!»

ዝም። ጀርላንዶ ልቡ ተሰበረ። አይብ ይግባበት አይግባበት ለማወቅ «ዳቦዎ ላጤ ይሁን ወይስ ያገባ?» እያለ ሰውን ሁሉ የሚያስቅ ሰው፣ የዛሬውን ምንም ሳይጠይቅ ሰጠ። ወሬው ቀድሟቸው ሄደ። ሎሚውን በዜማ የሚጠራው ነጋዴ ቤቱ በሽተኛ የተኛበት ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ባላሮ ጸጥ አለ። እንግዶቹ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው በቀስታ ያላምጣሉ።

«ይሄ ገበያ ነው ወይስ ሆስፒታል?» አለ ሲኞር ባልዳሳሬ።

ማሪስቴላ ዞር ብላ ዶና ቺቺናን አየቻቸው። ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ቃላቸውን ለመጠበቅ ሲታገሉ ግንባራቸው አልቦታል። ከገበያው ሰው ሁሉ አጭር የሆኑት እኒህ ሴት ገበያውን ሁሉ ተሸክመውት እንደኖሩ ያን ጊዜ ገባት። የባደንጃን ወጥ ያለበትን ጎድጓዳ ሳህን አነሣች። ጆሮዋ ቀላ።

«ይህ ካፖናታ ይባላል» አለች። «የተወለደው… ካታኒያ ነው። እኛ ከእነሱ ነው የተማርነው። ያለ ቃሪያ ደግሞ አይጣፍጥም።»

ካታኒያ ፓሌርሞ ባለችበት ደሴት ወዲያኛው ጫፍ ያለች ከተማ ናት፤ ፓሌርሞ ውስጥ ስሟ ከምግብ ጋር አይነሣም። የዶና ቺቺና ፊት የባደንጃን ልጣጭ መሰለ።

«እውነቱ ይነገር!»

ከየጣሪያው እርግብ ተነሣ።

«ካታኒያ? ካታኒያ! ባደንጃኑ ለብቻው ይጠበሳል፣ ሰለሪው ለብቻው፣ ኮምጣጤና ስኳሩ በመጨረሻ! ቃሪያ የሚጨምር ሰው በገዛ እናቱ ድስት ላይ ተፍቷል!»

«ተናገሩ!» ጀርላንዶ ጮኸ። «ዶና ቺቺና ተናገሩ!»

«አንተ ደግሞ ዝም በል! ጣፊያህ ዛሬ የጫማ ሶል ነው!»

«ተመስገን!» አለ ጀርላንዶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ሎሚ ሻጩ ዜማውን ለቀቀው፣ ዓሣ ሻጩ ተቀበለው። ዶና ቺቺና ግን አልሰሙም። ዳቦ ቆርሰው፣ ካፖናታ እየጫኑበት፣ በእጃቸው እያንዳንዱን እንግዳ አጎረሱ። «አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጣፋጩ ነው… አገኛችሁት? አሁን ኮምጣጤው ይመጣል… ይኸው!» እውነትም በጠሩት ቅጽበት መጣ፤ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ሲተላለፍ ይታያል። ማሪስቴላ ያን ምግብ መቼም ቀምሳው እንደማታውቅ ቆጠረችው። ከየአገሩ የመጡት እንግዶች ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ሲኞር ባልዳሳሬ ብቻ ፊቱ ጠቁሯል። «ካታኒያ ነው ያልሽው?» አላት። ወደ ዶና ቺቺና ዞረ። «እርስዎስ ማነዎት?»

ዶና ቺቺና ልጅቷን አዩዋት። የካፖናታን ነገር ከእሳቸው አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማች ያውቃሉ። ለማን ብላ እንደተሳሳተችም ገባቸው።

«አያቷ ነኝ» አሉ። «አብረን ነው የምንሠራው። እሷ ትሳሳታለች፣ እኔ አርማለሁ። እንግዶቹን አታያቸውም?»

አያቸው። ባዶውን ሳህን በዳቦ እየጠረጉ ነበር።

«እንግዲያውስ ሁለታችሁም በሚቀጥለው ቅዳሜ ኑ» አለ።

ዶና ቺቺና የልጅ ልጅ ቀርቶ ልጅ እንዳልወለዱ ከዓሣ ሻጩ እስከ ቄሱ የማያውቅ የለም። ጀርላንዶ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሎሚ ሻጩ ወደ ሎሚዎቹ አቀረቀረ። በባላሮ ያን ያህል ትልቅ ውሸት ተነግሮ አያውቅም፤ ገበያ ሙሉ ሰው ሰምቶት አንድም ያረመው አልተገኘም።