የሰይድ ካምቢዮና የቅሬው ገመድ

ታዝባችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ በእኛ ሰፈር ሰው ሥራ ሲጀምር ጎረቤቱ «ምን ልትሠራ ነው?» ብሎ አይጠይቀውም። «በምን ልትሠራው ነው?» ነው የሚለው። ሥራውንማ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሳይማረውም ሳያየውም ያውቀዋል። ሰውን የሚያጨቃጭቀው መሣሪያው ነው። እኔ ሐይቅ ከተማ ዓሣ ጠብሼ የማድር ሰው ነኝ፤ ዕቃዬ አንድ ቢላዋና አንድ መጥበሻ ነው። ሆኖም ሊበላ የመጣ ሁሉ ቢላዋዬን አንስቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሳይሞክርና «ይሄ እንኳ ለዓሣ አይሆንም» ሳይል አይቀመጥም። ዓሣውን ግን ጭንቅላቱን ሳያስቀር ይበላዋል።

እንግዲህ የጎረቤቴ ልጅ ሰይድ የመኪናውን ካምቢዮ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ አወርዳለሁ ብሎ የተነሳ ዕለት ምን ዓይነት ጉባኤ እንደተቀመጠ ገምቱት። ካምቢዮ ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ አትፈሩ፤ እኔም እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ከሞተሩ ኋላ የተሰቀለ ትልቅ የብረት ሣጥን ነው፤ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ጥርሳሞቹ ብረቶች የሚነካከሱት እዚያ ውስጥ ነው። ክብደቱ የደለበ ሙክት ያህላል፤ እንደ ሙክት ግን ቀንዱን ይዘው የሚጎትቱት አይደለም።

ስለ ሰይድ ልንገራችሁ። በበረሃና በባሕር ሳዑዲ ገባ፤ ዓመታት ከሠራ በኋላ ወረቀት የለህም ብለው ከመሰሎቹ ጋር ሰብስበው በአውሮፕላን መለሱት። ባጠራቀመው ከእኔ ዕድሜ ብዙም የማታንስ ፒክአፕ ገዛ። በአዘቦቱ ቀን ከውጫሌ ገበያ እህል ያመላልስባታል፤ የግሸን ማርያም ንግሥ ሲደርስ ተሳላሚ ይጭንባታል። ሰይድ ሙስሊም ነው፣ ተሳላሚዎቹ ክርስቲያን ናቸው፤ ያቺ መኪና ግን ዳገቱ ላይ ሁሉንም እኩል ታስጸልያለች። ከታች ሰፈር ያሉት ባልቴት እማማ ጥሩዬማ «የማርያም ሾፌር» ብለው ስም አውጥተውለት ነበር። እሱም ስሙን አልጠላውም።

ታዲያ አንድ ቀን ሦስተኛው ማርሽ ጠፋ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ተከተለው። መኪናዋ ግቢ ገብታ ቆመች። ወደ ጋራዥ እንዳትሄድ አትንቀሳቀስም፤ ጋራዥ ደግሞ እግር አውጥቶ አይመጣም። ሰይድ ያኔ ሰው በተሰበሰበበት አንድ ቃል ተናገረ። «ይቺ መኪና ካልተነሳች ወላሂ ተመልሼ እሄዳለሁ» አለ። የሚያሻግረው ደላላ ስልኩ ላይ እንደሚደውል ሁላችንም እናውቅ ነበር። እናቱ እትዬ ዘይነባ ይህን ሰምተው ወደ ቤታቸው ገቡ። መጀመሪያ የሄደ ጊዜ ድምፁ ጠፍቶ ሲከርም፣ እኒህ ሴትዮ በሩ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሲቆጥሩ ሰፈሩ አይቷል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ግልጽ ሆነልን፤ ካምቢዮው ወርዶ ከተጠገነ ሰይድ ይቀራል፣ ካልሆነ ሰይድን እናጣዋለን። እንዲህ ነው የመሰለን።

ሰይድ ጆንያ አነጠፈና ከሳዑዲ ይዟት የመጣትን የቁልፍ ሣጥን ከፈተ። ወገኖቼ፣ እኔ ቁልፍ ማለት ቁልፍ ይመስለኝ ነበር! አፉ ክፍት የሆነ አለ፤ እሱ ለጥድፊያ ነው፣ የቡሎኑን ጠርዝ ይበላል። ዙሪያውን የሚያቅፈው ይሻላል። ከሞተሩ ጀርባ ተደብቀው እጅ የማይደርስባቸው የላይኞቹ ቡሎኖች ደግሞ በረጅም ማራዘሚያ ካልሆነ አይገኙም። ሰይድ ይህን ሁሉ የሚያብራራልኝ ስልኩ ላይ አንድ በአረብኛ የሚያስተምር ሰውዬ ከፍቶ ነው፤ የሰውዬው ጋራዥ ከእኔ ሳህን ይጸዳል። ለእያንዳንዷ ቡሎን ልኳን የሚያውቅ አፍ ተሠርቶላት ሳይ ፈዝዤ ቀረሁ። ሰውም ለሰው እንዲህ ተለክቶ ቢሠራ ኖሮ ለባልና ሚስት ሽማግሌ ባላስፈለገ።

ቡሎኑ በዚህ ተፈታ። ጭቅጭቁ የመጣው ማውረጃው ላይ ነው። አንዱ «ገለባ ከምሩበትና ይውደቅ» አለ። ሌላው «ጎማ አንጥፉ» አለ። አንድ ያልጠየቅነው መንገደኛ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ «አልጋ ነው የሚሻል» ብሎን ሄደ። እኔም ዝም እንዳልል ብዬ መጥበሻዬን አስቤው ነበር፤ ደግነቱ አልተናገርኩትም። በመጨረሻ ክሪክ ተመረጠ፤ ያ ጎማ ሲቀየር መኪና የሚያነሱበት። መኪናዋ በወፋፍራም ግንድ ላይ ቆማለች፤ ካምቢዮውን የያዙት ሁለት ቡሎኖች ብቻ ቀርተዋል። ሰይድ ከሥር ገብቶ ክሪኩን ደገፈበትና ጥቂት ጫን ሲልበት የክሪኩ ራስ ሸርተት አለ። ሰይድ ተንከባሎ ወጣ። ክሪኩ ተገልብጦ ጭንቅላቱ የነበረበትን መሬት መታው። ቡሎኖቹ እንደያዙ ቀሩ፤ እኛ ግን ማን እንደያዘን እንጃ።

ሰይድ አቧራውን አራግፎ «ፓራንኮ ነው የሚያስፈልገኝ» አለ። ፓራንኮ በሰንሰለት ከባድ ነገር አንጠልጥሎ ቀስ አድርጎ የሚያወርድ ማሽን ነው፤ ውጫሌ ያለው ያጎቱ ልጅ አለው። ደወለ። ከወዲያ የተመለሰለት «ሌላ ሰው ወስዶታል» የሚል ነው። ሰይድ ጎማ ላይ ተቀመጠና ስልኩን ትኩር ብሎ አየው። ቀጥሎ ለማን ሊደውል እንደሆነ ገባን፤ ለደላላው ነው።

እትዬ ዘይነባ ያን ጊዜ ነው ከቤት የወጡት። «አንተዋ!» አሉት፤ «ሰው የሚያህል ነገር ሳያንገጫግጩ የሚያወርዱ ሰዎች እያሉ እዚህ ብረት ሥር ልትሞትብኝ ነው? ሂድና አያ ይመርን ጥራልኝ።»

አያ ይመር የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ቅሬ ሌላ አገር እድር የሚሉት ነው፤ የእኛ ሰፈር ቅሬ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው። ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ ቃሬዛ ይሸከማል። የሬሳ ሣጥን የሚወርድበት ሁለት ወፍራም ገመድ ያለውም እሳቸው ቤት ነው። መጡ፤ ከዘራቸውን ተደግፈው መኪናዋ ሥር ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ቀላል ነው» አሉ። «ሣጥን እንኳ የለውም።»

«ገመዱን ይሰጡናል አያ?» አለ ሰይድ።

«የቅሬ ገመድ ለቅሬ ሰው ነው ልጄ። አንተ ደግሞ አልገባህም።»

እውነት ነው። ሰይድ ከተመለሰ ጀምሮ ቅሬ ግባ በተባለ ቁጥር «ነገ ለምሄድ ሰው ምን ያደርግልኛል?» እያለ ይሸሽ ነበር። እናትህ አባል ናቸው ተብሎ ለእሱ አይሆንም፤ ጢም ያወጣ ወንድ በራሱ ይገባል። ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፤ ገመድ ያዥ ሆኖ የገባ ወጣት በቦታው የሚተካለት ሌላ ወጣት ሳያቀርብ ከሰፈር ወጥቶ አይሄድም። ድሮ ይህ ሕግ ቀልድ ነበር፤ ወጣቱ እንደ አሸን ነዋ። አሁን ግን ጎረምሳው ሁሉ ጅዳና ሪያድ ሆኖ ገመዱን የምንይዘው ጉልበታችን የሚንቀጠቀጥ ሰዎች ነን። አምና አንዱን ሣጥን ልንጥለው ለጥቂት ነው የተረፍነው።

ሰይድ ካምቢዮውን አየ። ስልኩን አየ። እናቱን ሊያይ ዞር ሲል እሳቸው ሰማይ ሰማይ እያዩ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል? «እሺ፣ እገባለሁ» አለ። አያ ይመር እዚያው መኪናዋ አጠገብ ዱአ አደረጉ፤ ሁላችንም አሜን አልን።

ከዚያ የሆነውን ብነግራችሁ እንደ እኔ ይደንቃችሁ ይሆን? የማርሹ ዘንግ ቀድሞ ስለወጣ መኪናዋ ወለል ላይ ቀዳዳ አለ። አያ ይመር የቃሬዛውን ሁለት እንጨት አስመጡና ከበር እስከ በር አጋደሙት። ገመዱ በቀዳዳው ገብቶ ካምቢዮውን ከፊትና ከኋላ አቀፈው፤ ጫፎቹ በእንጨቶቹ ላይ ዞረው በሁለቱ በሮች ወጡ። አራት ሆነን ያዝን፤ ሰይድ ከሥር የመጨረሻዎቹን ቡሎኖች ፈቶ ካምቢዮውን ወደ ኋላ ሳብ አደረገና ወጣ። አያ ይመር እጃቸውን ዘረጉ። «ቢስሚላህ» አሉ፤ እኔ ጎን ያለው ሰው «በስመ አብ» አለ። ያ ሲከራከር የዋለ ሰፈር ጸጥ አለ። አያ ይመር መዳፋቸውን ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉ ገመዱ በአራታችንም እጅ እኩል ይለቀቃል፤ ሲያቆሙ ይቆማል። ያ ሁሉ ብረት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወዛወዝ ወርዶ ከሥር ባነጠፍነው ገለባ ላይ ተኛ። ድምፅ አላሰማም። እንባዬ መጣ፤ ለካምቢዮ ነው ብላችሁ አትሳቁብኝ። ስንቱን ሰው በዚህ እጅ እንዳወረድነው፣ እኔንም አንድ ቀን በዚህ ልክ በቀስታ የሚያወርደኝ ሰው እንዳለ ያን ዕለት ነው የገባኝ።

«አጃኢብ!» አለ ሰይድ።

አንዱ በልማድ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ሌላው «ነፍስ ይማር» ሊል አፉን ከፍቶ በእጁ ያዘው። ያኔ ሳቅ ፈነዳ፤ የቀረን ንፍሮ ብቻ ነበር።

ያለቀው ጥርስ ተቀየረ፣ ካምቢዮው በዚያው ገመድ ተመልሶ ወጣ፣ መኪናዋም ተነሳች። ሰፈሩ እፎይ አለ። እኔ ግን ብዙ ሳልቆይ አንድ ነገር ሰማሁ። ያ የውጫሌው ያጎት ልጅ ዓሣ ሊበላ ቤቴ መጣ፤ ቢላዋዬን ሞክሮ፣ አይሆንም ብሎ ተቀመጠና፣ «ለመሆኑ እትዬ ዘይነባ ፓራንኮውን ለምን አትስጠው አሉኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለካ ፓራንኮው የትም አልሄደም! እናትየው አስቀድመው ደውለው «ቢጠይቅህ የለም በለው» ብለውታል።

በነጋታው ሄጄ ጠየቅኋቸው። «መኪናው እንዲነሳለት አይፈልጉም ነበር እንዴ?»

ምስር እየለቀሙ ነበር። «ሆዴ፣ አንተ ዓሣ ነው የምታውቅ» አሉኝ። «የቆመ መኪና ማን ይገዛዋል? የሚሸጥ የዳነው ነው። እሱ ሲሸጥ ነው ለደላላው የሚከፈል። እናንተ ተነሳ ብላችሁ ስትስቁ እኔ እንቅልፍ የለኝም።»

ያ ሁሉ ወንድ ቁልፍ ሲያማርጥ፣ በግቢው ውስጥ ልጅ የሚያስር መሣሪያ፣ ያን የቅሬ ገመድ፣ የመረጡት እኒህ ሴትዮ ብቻ ነበሩ። እውነትም ሳምንት ሳይሞላ ከኮምቦልቻ አንድ ገዢ መጥቶ ፒክአፗን ዞሮ አያት፤ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶም «እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

በመካከሉ እማማ ጥሩዬ አረፉ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ ሰይድ ነበር፤ ሣጥኑ ሲወርድም ገመድ ይዞ ከፊቴ ቆመ። አያ ይመር እጃቸውን ዘረጉ። ልክ ያን ጊዜ የሰይድ ኪስ ውስጥ ስልኩ ይንዘረዘር ጀመር። ደላላው እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ዓይኑን ከአያ ይመር መዳፍ ላይ አልነቀለም። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፣ ደግሞም ጮኸ። እማማ ጥሩዬ የማርያም ሾፌራቸው እጅ ላይ ሆነው ሳይንገጫገጩ ወረዱ።

ስመለስ እትዬ ዘይነባ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሙስሊም ሴት ናቸውና ወደ ቀብር አይሄዱም፤ የሚያውቁት እኛ የነገርናቸውን ነው። ስለ ሕዝቡ ብዛት፣ ስለ ለቅሶው አልጠየቁኝም።

«ገመዱን በአንድ እጁ ነው የያዘው፣ ስልኩን በሌላው?» አሉ።

«ገመዱን በሁለቱም እጁ» አልኳቸው።

«አልሀምዱሊላህ» አሉና፣ ገብተው ተኙ።