ጉርሻ እምቢ ያለች እጮኛ

በእኛ ጊዜ ጥርስ የሚታሰበው ሲያም ብቻ ነበር። ዝም ካለ፣ ዝም ነው። ዛሬ ግን ዝም ብሎ የተቀመጠውን ጥርስ ቀስቅሰው «አንተ ጠጋ በል፣ አንተ ቀና በል» እያሉ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ የሚያሰልፉ ሐኪሞች መጥተውላችኋል።

የልጅ ልጄ ቤዛ የለስላሳ ጠርሙስ በጥርሷ ስትከፍት የፊት ጥርሷ ተሸረፈ። ለቡ ሰፈር ያለ የጥርስ ሐኪም፣ «ከመሙላቴ በፊት የተደራረቡትን ላሰልፋቸው» ብሎ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ፕላስቲክ አጠለቀላት። ለምግብ ካልሆነ አይወልቅም። ወጥ ከነካው ቢጫ ይሆናላ!

የእጮኛዋ እናት ወይዘሮ ዘነበች ከልጃቸው ጋር ሊተዋወቁን ከመካኒሳ የመጡ ዕለት፣ ቤዛን «ስለ ፕላስቲኩ ትንፍሽ እንዳትይ፤ ስትስቂም በከንፈርሽ» ብዬ አስጠነቀቅኋት። ለእንግዳዋ ደግሞ፣ አፌ መቼ ያርፋል፣ «የእኛ ዘር ጥርስ ሐኪም አያውቅም» ብዬ ጎረርኩ።

ምሳ ቀረበ። ቤዛ እያስተናገደች ሳለ ወይዘሮ ዘነበች ዶሮውን በእንጀራ ጠቅልለው ብድግ አሉ።

«ነይ የኔ ልጅ፣ በሞቴ!»

ቤዛ አፏን ግጥም አደረገች። ጉርሻው አየር ላይ ቀረ፤ ወጡ በክንዳቸው ይወርዳል።

«ትንሽ ይቆዩኝ፣ እማማ...»

«እጄን ተጸየፍሽው?»

ፊታቸው ጠቆረ። ልጃቸው ጫማውን ያያል። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሲሰበስቡ አየሁ፤ የልጅቷ ትዳር በአንድ ጉርሻ ሊፈርስ ነው! ጉራዬን ዋጥኩት። አጥንት አለው፣ እመኑኝ።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ አፏ ውስጥ የጥርስ ማሰለፊያ አለ። ደብቂ ያልኳት እኔ ነኝ። አንቺ፣ አውጪና አሳዪያቸው!»

ቤዛ ዞር ብላ አወጣችና አጥባ ሰጠቻቸው፤ ሦስት ጊዜም ጎረሰች። ሴትዮዋ ፕላስቲኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው አገላበጡት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«በእኛ ዕድሜ ላለ ሰውም ይሠራሉ?»

«ምን ጎድሎብዎት?»

ከንፈራቸውን ገለጥ አደረጉ። አንድ ጥርስ ወልቋል፤ ግራና ቀኙ፣ አጥር የሌለው ቦታ እንዳገኘ ጎረቤት፣ ወደ ባዶው ገፍተው ገብተዋል።

ይኸው የቤዛ ጥርስ ተሰለፈ፣ የተሸረፈውም ተሞላ። ሠርጉ ግን የለም። አማቲቱ ጥርሳቸው ቀንቶ፣ ባዶው ቦታ ሰው ሠራሽ ጥርስ እስኪገባበት ድረስ «ፎቶ አልነሣም» ብለው አራዝመውታል።

እኔ ምን አገባኝ? ብቻ እሳቸው ሙሉ ጥርሳቸውን እያሳዩ፣ እኔ አፌን ሸፍኜ ሠርግ አልውልም። ሰኞ ለቡ፣ ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ አለኝ።