ከታከር የተላከችው መኪና

እዚህ አትላንታ በአንድ ነገር አዋቂ ለመባል መማር አያስፈልግም፤ ዕቃውን መግዛት ይበቃል። ቤት የገዛ ሁሉ የሪል እስቴት አማካሪ ነው። ጉልበቱን ኦፕራሲዮን የሆነ ደግሞ ሐኪም ነው። እኔም የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁና፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚሰየመው የፓርኪንግ ሸንጎ «ኢንጂነር» ተባልኩ። ስለ መኪናዬ የማውቀው ማታ ሰክቶ ጠዋት መንቀልን ብቻ ነው። እናንተ ብትሆኑ ታርሙ ነበር? እኔ አላረምኩም።

አገር ቤት ነዳጅ የሚጠጣ መኪና አይገባም ከተባለ ወዲህ ሸንጎው ሌላ ወሬ የለውም። አስቴርም የመጣችው በዚሁ ጉዳይ ነው። እዚሁ አጠገባችን ብሩክሄቨን ውስጥ አረጋውያንን የምትንከባከብ፣ ደብል ሺፍት እየሠራች ቤተ ክርስቲያን የማትቀር ሴት ናት። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሟ ጌታቸው ታክሲ ሠርቶ ልጆቹን እንዲያሳድግ መኪና ልትገዛለት ፈልጋለች። እሱ ደግሞ እዚያው የሚሸጥ የቻይና መኪና መርጧል።

«እስቲ አንተ አናግረው» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

ጌታቸው ረጋ ብሎ አስረዳኝ። የቻይናዎቹን የሚጠግን ጋራዥ ሰፈሩ ውስጥ አለ፣ መለዋወጫቸው አይጠፋም፣ ቻርጅ ማድረጊያውም ለእነሱ የሚሆን ነው። እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ እኛ አሜሪካ ያለነው እናውቃለን። ቻይና ያው ቻይና ነው።» ሸንጎው ሳቀልኝ። ጌታቸው «እሺ ጋሼ» አለ።

እዚሁ አትላንታ ዳር ካለችው ከታከር ያገለገለች የአሜሪካ መኪና መርጬ አስገዛኋት፤ ከሳቫና ወደብ በጅቡቲ በኩል ተላከች። ስትደርስ ፎቶ መጣ፤ ጌታቸው ኮፈኗን ተደግፎ ፈገግ ብሏል። አስቴር ለሁሉም አሳየች፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ለገና ሌላ ፎቶ መጣ፣ ለፋሲካም ሌላ። የፋሲካውን አጉልቼ አየሁት። መኪናዋ እንደ ገናው ፎቶ ከዚያው ግድግዳ ሥር፣ ከዚያው ድንጋይ አጠገብ ቆማለች። ጎማዋ ተንፍሷል። ከፊት መስታወቷ ሥር ሁለት ዛላ በርበሬ ተረስቷል። ለካስ ሰው በርበሬውን የሚያሰጣው እሷ ላይ ኖሯል፤ ለፎቶው ተጠርጎ ነው።

ለአስቴር ሳልነግር ደወልኩለት። ሶኬቷ እዚያ ካለው ጋር አልገጠመም። አንድ ኤሌክትሪሻን ማገናኛ ሠራላትና ሁለት ወር በመከራ ሠራች። ከዚያ ቀይ መብራት በርቶ ቀጥ አለች። ጋራዦቹ ለእሷ የሚሆን መመርመሪያም መለዋወጫም የላቸውም። ጌታቸው አሁን የሰው መኪና ተቀጥሮ ይነዳል፤ የቻይና።

«ጋሼ፣ እባክዎን ለእቴቴ እንዳይነግሯት» አለኝ። «ሌት ተቀን ሠርታ የላከችው ነው፤ ልቧ ይሰበራል።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ፤ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ፊቴ እስኪግል አፈርኩ። ይባስ ብዬ የራሴ መኪና ባትሪ የት እንደተሠራ ፈልጌ አነበብኩ። ቻይና ነው።

ያለፈው እሑድ አስቴር ደንዉዲ የምትኖር ጓደኛዋን ይዛ መጣች። «ለአጎቷ ልጅ መኪና ልትልክ ነው። የጌታቸውን የመረጠልኝ እሱ ነው፣ እሱን ጠይቂው ብያታለሁ» አለች። ሸንጎው ሁሉ አፌን ያይ ጀመር። እውነቱን ብናገር ጌታቸውን አሳልፌ መስጠቴ ነው፤ እንደ ልማዴ ብመክር ሌላ የበርበሬ ማስጫ ሊላክ ነው።

«እኔ አላውቅም» አልኳት። «የሚነዳውን ሰው ጠይቂና እሱ ያለሽን ግዢ።»

አስቴር እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ሸንጎው ዞረች። «ትሕትናውን አያችሁልኝ?» አለች። ሁሉም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ፤ አንዱም «ኢንጂነር እኮ ነው» ሲል ሰማሁት።

አሁንም አላረምኩም።